ሴኔፈር፤ ከምድር በታች የወይን ሐረግ ያዘረጋው ከንቲባ

በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ ሼኽ አብድ ኤል ቁርና የሚባል ኮረብታ አለ። ዛፍ የለበትም፤ ሣር አይበቅልበትም፤ ዝናብም የሚጎበኘው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው። በዚህ ደረቅ ኮረብታ ሆድ ውስጥ ግን 3 ሺህ 400 ዓመታት ገደማ ያልረገፈ የወይን ቦታ ይገኛል። ከአርባ የሚበልጡ ቁልቁል ደረጃዎችን በጥንቃቄ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው ቀና ሲል ከአናቱ በላይ የተንዠረገገ ጥቁር ወይን ያያል። ሐረጉ ጣሪያውን ሸፍኖ ተዘርግቷል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ዘለላው ሊበጠስ የደረሰ ይመስላል። ይህ ሁሉ ግን ቀለም ነው። የወይኑ ባለቤት ሴኔፈር ይባላል።

ሴኔፈር ንጉሥ አልነበረም። የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ግብፅ ከሶርያ ምድር እስከ ኑብያ በገነነችበት በ18ኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። በዳግማዊ አሜንሆቴፕ ዘመነ መንግሥት፣ ጥንታውያኑ የደቡብ ከተማ ይሏት የነበረችውን፣ ግሪኮች ቴብስ ብለው የሰየሟትን ታላቅ ከተማ በከንቲባነት መርቷል። በዚያ ዘመን ከንቲባ ማለት ከተማ የሚያጸዳና አደባባይ የሚያስውብ ሹም ብቻ አልነበረም። ግብር ይሰበስባል፤ እህል ያስገባል፤ የመንግሥቱ ጀልባዎችና ሠራተኞች ቀለብ እንዳይጎድልባቸው ይቆጣጠራል። ሴኔፈር በዚህ ላይ የታላቁ አምላክ የአሙን ጎተራዎች፣ ከብቶችና የአትክልት ቦታዎች ኃላፊ ነበር። የአሙን ቤተ መቅደስ በካርናክ ሰፊ መሬትና ብዙ ሠራተኛ ያለው ርስተኛ ስለነበር፣ የአትክልቱ ኃላፊ መሆን ቀላል ሹመት አልነበረም።

ቤተሰቡም ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነበር። የቅርብ ዘመዱ አሜኔሞፔት የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ሆኖ አገልግሏል። ሚስቱ ሴኔትናይ ደግሞ አሜንሆቴፕን በሕፃንነቱ ያጠባች የንጉሥ ሞግዚት ነበረች። በጡት የተሳሰረ ዝምድና ምን ያህል እንደሚከበር ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የጡት ልጅንና የጡት አባትን የሚያውቅ ማኅበረሰብ የሴኔፈርን ከፍታ በቀላሉ ይረዳዋል። በካርናክ ቤተ መቅደስ ውስጥ የራሱንና የሴኔትናይን ሐውልት እንዲያቆም የተፈቀደለትም በዚህ ቅርበት ነው። ሐውልቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ተገኝቷል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሴት ልጃቸውም ትንሽ ሆና በመካከላቸው ቆማለች። የሴኔፈር ደረትና ሆድ የሥጋ እጥፋት ይታይበታል፤ ይህ በዚያ ዘመን የጠገበና የተከበረ ሰው ምልክት ነበር። ሐውልቱን የጠረቡት ሁለት ባለሙያዎች፣ አሜንሜስና ጄድኾንሱ፣ ስማቸውን በሥራቸው ላይ ጽፈዋል። የግብፅ ባለ እጅ ስሙን ከሥራው ላይ የማኖር ልማድ ስላልነበረው፣ ይህ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። የወይኑን ሐረግ የሳሉት ሠዓሊዎች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

የሴኔፈር ሥራ ለምን እንደሚያስገርም ለመረዳት፣ የዘመኑ መሳፍንት መቃብር እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የአንድ ባለሥልጣን መቃብር ሁለት ክፍል ነበረው። የላይኛው በዐለት የተፈለፈለ የመታሰቢያ አዳራሽ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ በበዓል ቀን ዘመድ ወዳጅ እየመጣ መሥዋዕት ያቀርብበታል፤ መንገደኛም ገብቶ የሟቹን ስም ያነብበታል። ስለዚህ ግድግዳው በሥዕል ይሞላል፤ አደኑ፣ አዝመራው፣ ግብዣው፣ ከንጉሥ የተገኘው ሽልማት ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። የታችኛው አስከሬኑ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ከቀብሩ በኋላ ይደፈናል፤ ሕያው ሰው ዳግመኛ እንዲያየው አይታሰብም። ስለዚህም በ18ኛው ሥርወ መንግሥት ከነገሥታቱ በቀር የአብዛኞቹ ሰዎች የቀብር ክፍል ሻካራና ባዶ ዐለት ነበር። ሰው ሀብቱን የሚያፈሰው በሚታየው ላይ ነው፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ ጠባይ ነው።

የተሣለ የቀብር ክፍል ከዚያ በፊት ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከሴኔፈር ስምንት መቶ ዓመታት ያህል አስቀድሞ፣ በፒራሚዶቹ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በሳቃራ የተቀበሩ ታላላቅ ሹማምንት የቀብር ክፍላቸውን በምግብ፣ በመጠጥ ማሰሮና በጎተራ ሥዕል አስጊጠው ነበር። ነገር ግን ሠዓሊዎቹ ሕይወት ያለውን ነገር፣ በተለይም ሰውን፣ ከአስከሬኑ አጠገብ ከመሣል በአብዛኛው ይቆጠቡ ነበር። በእምነታቸው ሥዕል ሕያው ሊሆን ይችላል፤ ሕያው የሆነም ሟቹን ሊጎዳው ይችላል። በሴኔፈር ዘመን ዋዜማም፣ በንግሥት ሃትሼፕሱትና በሣልሳዊ ቱትሞስ ጊዜ፣ ጥቂት ደፋር ሹማምንት ተነሥተዋል። ሴኔንሙት የመቃብሩን ጣሪያ በከዋክብት ካርታ አስጌጠ፤ ጄሁቲ በሙታን መጽሐፍ ጽሑፎች ግድግዳውን ሞላ፤ ዋና ሚኒስትሩ ኡሰርም ለነገሥታት የሚገባውን የፀሐይን የሌሊት ጉዞ መጽሐፍ በራሱ መቃብር አስጻፈ። እነዚህ ሁሉ ከጽሑፍና ከረቂቅ ትምህርት ያልራቁ ነበሩ። ሴኔፈር ግን ወደ ታች ይዞት የወረደው የአትክልት ቦታ ነው።

ከላይ ባለው አዳራሹ ውስጥም አትክልት አሥሎ ነበር። የአሙንን ሰፊ አትክልት ከነአጥሩ፣ ከነኩሬዎቹ፣ ከነዛፎቹና በመካከል ካለው የወይን ቦታ ጋር የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ጣሊያናዊው ሊቅ ሮዜሊኒ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ግብፅ ባደረገው ጉዞ ገልብጦ ባያስቀረው ኖሮ ብዙው ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ የላይኛው አዳራሽ ባለፉት ዘመናት ክፉኛ ተጎድቷልና። ለሕያዋን ዓይን የተሣለው ጠፋ፤ ለማንም እንዳይታይ የተደፈነው ዳነ።

የታችኛው ክፍል አሠራር የባለሙያዎቹን ብልሃት ያሳያል። የቁርና ዐለት ለመጥረብ አይመችም፤ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ለጥ ብሎ አልወጣም፤ እንደ ድንኳን ጨርቅ እዚህ ያብጣል፣ እዚያ ይሰረጉዳል። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ጎድጓዳውን በምርጊት ሞልቶ ለማስተካከል ይደክም ነበር። የሴኔፈር ሰዎች ግን ጉድለቱን እንደ ሀብት ቆጠሩት። ዐለቱ ባበጠበት ዘለላው ወደ ተመልካቹ ይወርዳል፤ በሰረጎደበት ሐረጉ ወደ ላይ ይሸሻል። ከታች ቆሞ ለሚያየው በነፋስ የሚወዛወዝ ዳስ ይመስላል። በእኔ ግምት በቴብስ ካሉት የመሳፍንት መቃብሮች ሁሉ እንዲህ ያለ ደፋር ውሳኔ የታየበት ሌላ ጣሪያ ማግኘት ያዳግታል።

በቁርና መቃብሮች የተለመደው ምርጊት ከወንዙ ዳር የመጣ ጭቃ በጭድ የሚቦካበት ነው። በላዩ በጀሶ ወይም በኖራ የቀጠነ ልስን ይደረግና ቀለሙ ይከተላል። ቀዩና ቢጫው ከአፈር ይገኛል፤ ጥቁሩ ከከሰል ነው፤ ሰማያዊው ግን አሸዋ፣ ኖራና መዳብ በከፍተኛ እሳት ተጋግረው የሚሠራ የሰው ልጅ ፈጠራ ነው። የዓባይ ጭቃ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ወደ ግብፅ ይወርድ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉም በዓባይና በተከዜ ታጥቦ የሄደ የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። የዚያን አገር የወይን ቦታ ያበቀለውም፣ የመቃብሮቹን ግድግዳ የለሰነውም እርሱ ነው።

ወይኑ ለጌጥ ብቻ የተሣለ አይደለም። በአንድ በኩል ሴኔፈር የሥራውን ምልክት ይዞ ወርዷል፤ የአትክልቱ ሹም በአትክልቱ ሥር ተኝቷል። በሌላ በኩል ወይን የኦሲሪስ ነው። ኦሲሪስ ተገድሎ የተነሣ፣ የሙታን ንጉሥና የበቀለ ነገር ሁሉ ጌታ ተብሎ የሚታመን አምላክ ነበር። ወይን በክረምቱ የደረቀ ግንድ ይመስላል፤ ወቅቱ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ግብፃውያን ፍሬው የሚበስልበትን ወራት ዓባይ ቀልቶ ከሚሞላበት ወራት ጋር ያያይዙት ነበር። ስለዚህ በዳሱ ሥር የተኛው ሰው ለመነሣት የተኛ ነው።

በግድግዳዎቹ ላይ የቀብሩ ሥርዓት በሙሉ ተዘርግቷል። አገልጋዮች አልጋ፣ ሣጥን፣ ማሰሮና ልብስ ተሸክመው በሰልፍ ይገባሉ። ጀልባ ወደ ኦሲሪስ ከተማ ወደ አቢዶስ ሲጓዝና ሲመለስ ይታያል። የቀበሮ ራስ ያለው አኑቢስ በአስከሬኑ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ ይንከባከባል። የነብር ቆዳ የለበሰ ካህን በባልና ሚስቱ ላይ የመንጻት ውኃ ያፈስሳል። ሴኔፈር በደረቱ ላይ ሁለት ልብ የሚመስል ጌጥ አንጠልጥሏል፤ ይህን ጌጥ በሐውልቱም ላይ ለብሶታል። ልብ በሙታን ፍርድ ቤት የምትመዘን በመሆኗ በዚያ ዓለም ዋነኛዋ የሰውነት ክፍል ነበረች።

የክፍሉን ጣሪያ የተሸከሙት አራት ምሰሶዎች ግን ከሥርዓቱ ሁሉ ይልቅ ቀልብ ይስባሉ። በየገጻቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሴኔፈርና ሜሪት። ሜሪት የአሙን ዘማሪት ነበረች። በአንዱ ገጽ አበባ ታቀርብለታለች፤ በሌላው የአንገት ጌጥ ታስርለታለች፤ በሌላው ምግብ፣ በሌላው መጠጥ፣ በሌላው ሽቱ ትሰጠዋለች። በእጇ ጸናጽል የምትይዝበትም አለ። ጸናጽሉ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዛሬም በቅዳሴና በማኅሌት የምንሰማው የዚያ ጥንታዊ መሣሪያ ዘመድ ነው። ሠዓሊው አንዱን ነገር እየደጋገመ አልሰለቸም፤ አለባበሷን፣ የእጇን አዘረጋግ፣ የባሏን አቀማመጥ በየገጹ ለወጥ እያደረገ ጥንዶቹ በምሰሶዎቹ መካከል የሚዘዋወሩ አስመስሏል።

ሴኔትናይስ የት ሄደች? በታችኛው ክፍል ዋናዋ ሴት ሜሪት ናት። አንዳንድ ሊቃውንት ሜሪት ሌላ ሚስት ናት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ስሟ የተወደደች ማለት ስለሆነ የቁልምጫ ስም ሊሆን ይችላል ይላሉ። የሴኔትናይ ዱካ የተገኘው ከኮረብታው ማዶ፣ በነገሥታት ሸለቆ ነው። እንግሊዛዊው ሃዋርድ ካርተር፣ የቱታንኻሙንን መቃብር በማግኘት ከመታወቁ ከሃያ ዓመታት በፊት፣ በ1900 ለአንዲት ንግሥት እንደተቆፈረ በሚታመን መቃብር ውስጥ ሆድ ዕቃዋ የተቀመጠባቸውን ማሰሮዎች አገኘ። የሴኔፈርን ስም የያዙ ዕቃዎችም እዚያው ነበሩ።

የሕይወት ታሪኩ ከባድ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሴኔፈር ራሱ የተቀበረው የት ነው? ዘመዱ አሜኔሞፔት ከሴኔፈር አጠገብ በቁርና ያማረ አዳራሽ ነበረው፤ የተቀበረው ግን በነገሥታት ሸለቆ ነው። ከንጉሥ አጠገብ ማረፍ ከክብር ሁሉ የሚበልጥ ክብር ነበር። ክብሩ ግን ዋጋ ነበረው፤ በሸለቆው ውስጥ ሥዕል ለነገሥታት የተጠበቀ በመሆኑ፣ የሚኒስትሩ መቃብር ግድግዳ ባዶ ነው። ሴኔፈርም ሚስቱን ተከትሎ ወደዚያ ሄዶ ከሆነ፣ ያን ሁሉ የወይን ሐረግ ያሳለው ላልተኛበት ክፍል ነው ማለት ነው። ሊቃውንቱ በዚህ አልተስማሙም። እኔ ግን አንድ ነገር ላይ ዓይኔ ያርፋል፤ የቁርናው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንክብካቤ ተሠርቶ ተጠናቅቋል። ባለቤቱ ይህን ክፍል ሲያሠራ መኖሪያዬ ብሎ ማሠራቱን መጠራጠር ይከብዳል።

ስለ ሰውየው ጠባይ የምናውቀው ግን ከሥዕሎቹ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ዘላለም ወጣት፣ ዘላለም ፈገግተኛ አድርጎ ያሳየናል። በበርሊን የሚገኝ አንድ ፓፒረስ ደግሞ ሌላውን ፊቱን ያሳያል። ሴኔፈር ሁ ለምትባል ከተማ አካባቢ ለሚኖር ባኪ ለተባለ ጭሰኛ የላከው ደብዳቤ ነው። ከንቲባው በጀልባ እየመጣ መሆኑንና በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚደርስ ይነግረዋል። በሥራው ነቀፋ እንዳያገኝበት ያስጠነቅቀዋል። አበባና ልምላሜ እንዲለቅም፣ ብዙ እንጨት እንዲቆርጥ፣ እረኞቹም ወተት በአዲስ ማሰሮ እንዲያዘጋጁ ያዝዛል። ባኪ በዚያ ዓመት እንጨት እንዳልቆረጠ ያነሣበታል። በመጨረሻም ሰነፍ መሆኑንና ተኝቶ መብላት የሚወድ መሆኑን እንደሚያውቅ በግልጽ ይነግረዋል።

ይህ ደብዳቤ የተገኘው እንደታጠፈ፣ ማኅተሙም ሳይፈታ ነው። ባኪ ስድቡን አላነበበውም። እንጨቱን ቆርጦ ይጠብቅ፣ ወይስ ጌታው በጀልባ ሲደርስ በአልጋው ላይ እየበላ ይገኝ፣ የሚነግረን የለም። አበባ እንዲለቀምለት የሚያዝዘው ይህ ቁጡ ሹም ግን በምሰሶው ላይ ሚስቱ አበባ ስታቀርብለት በጸጥታ ከሚያሸተው ሰው የተለየ አይደለም። በዚያ ሥዕል ውስጥ አበባውን ማን እንደለቀመው አይታይም። ባኪንና መሰሎቹን ሳያስታውሱ የወይኑን ጣሪያ ማድነቅ ሥራውን በግማሽ ማየት ይመስለኛል።

ከሴኔፈር በኋላ ሁለት መቶ ዓመታት ሳይሞሉ ነገሩ ተገለበጠ። በዴር ኤል መዲና መንደር የሚኖሩ፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚቆፍሩና የሚሥሉ ባለሙያዎች ለራሳቸው የቀብር ክፍል ዘላለማዊ እርሻና የአማልክት ሥዕል ይሥሉ ጀመር። በ1886 ሳይዘረፍ የተገኘው የሴኔጀም መቃብር ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ባልና ሚስቱ ነጭ ልብስ ለብሰው በሰማያዊው አገር ሲያርሱና ሲያጭዱ ይታያሉ። ለከንቲባ እንኳን ብርቅ የነበረው ነገር በዚያን ጊዜ የድንጋይ ጠራቢ ወግ ሆነ።

የኮረብታው ታሪክም በፈርዖኖቹ ዘመን አላበቃም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ፍራንጌ የተባለ ግብፃዊ መነኩሴ የአሜኔሞፔትን መቃብር በዓት አድርጎ ኖሮበታል። በሸክላ ስባሪ ላይ በቅብጥ ቋንቋ የጻፋቸው በርካታ ደብዳቤዎች፣ የቤልጅየም አጥኚዎች በስፍራው ባደረጉት ቁፋሮ ተገኝተዋል። ዐለት ፈልፍሎ መኖርን ለሚያውቅ የእኛ አገር መናኝ ይህ ሕይወት እንግዳ አይሆንበትም።

የሴኔፈርን የታችኛውን ክፍል በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳዊው ቪሬ በዝርዝር ገልጾ አሳተመው፤ የወይኑ መቃብር የሚለው ስምም ከእርሱ ጽሑፍ ጋር ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ አልተቋረጠም። ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲበዛ ግን ትንፋሹና ላቡ እርጥበት ይሆናል፤ እርጥበቱ በዐለቱ ውስጥ ያለውን ጨው ያነቃቃዋል፤ ጨውም ምርጊቱን ከዐለቱ ይገፋዋል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ያልታየው ሥዕል የሚጎዳው በመታየቱ ነው። በ1980ዎቹ የክፍሉ ሙሉ መጠን ያለው የፎቶግራፍ ቅጂ ተሠርቶ በአውሮፓ ከተሞች እየተዘዋወረ ታይቷል፤ ዋናውን ሳይነኩ ለማሳየት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የሴኔትናይ ማሰሮዎችም በቅርቡ እንደገና ተናግረዋል። በጀርመን ሃኖቨር ሙዚየም ከሚገኙት ሁለቱ የተወሰደው ቅሪት ተመርምሮ በ2023 ውጤቱ ታትሟል። የንብ ሰም፣ የእፅዋት ዘይት፣ ስብ፣ ሬንጅና ከግብፅ ውጭ የመጣ የጥድ ወገን ዛፍ ሙጫ ተገኝቶበታል። የንጉሡ ሞግዚት የተቀባችው ቅባት ሽታ ተቀምሞ በዴንማርክ ሙዚየም ለጎብኚዎች ቀርቧል። የሴኔፈር አካል ግን አልተገኘም።

በቁርናው ክፍል፣ በመውጫው በር አጠገብ፣ ሴኔፈርና ሜሪት ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረዋል። ሠዓሊው ወደ ምድር ወጥተው በየቀኑ ፀሐይን እንዲያዩ አድርጎ ነው የሣላቸው። ጎብኚው ወደ ብርሃን ሲወጣ በአጠገባቸው ያልፋል።